ጄሪካኑ ለምን ባዶ መሰለ?

በቅርቡ አንድ ወጣት አኒሜተር አጭር ሥራውን አሳየኝ። አንዲት ልጅ ከቦኖ ውሃ ትቀዳለች። ቢጫውን ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ትሞላለች፤ ታነሳለች፤ ትሄዳለች። ሥዕሉ ያምራል። ብርሃኑ የጠዋት ብርሃን ነው። የቀሚሷ ጥለት ሳይቀር በጥንቃቄ ተሠርቷል። ጄሪካኑን ስታነሳው ግን አንድ ነገር አልጣመኝም። ጄሪካኑ ባዶ መሰለ። ውሃ ሲገባበት አይቻለሁ፤ አፉ ላይ ሲንጠባጠብም አይቻለሁ። ዓይኔ ግን እምቢ አለ።

ልጁም ያውቀዋል። "የቱ ጋ እንደተበላሸ ነው ያጣሁት" አለኝ። ሲያርመው ነው የሰነበተው። ክንዷን አወፈረ። ፊቷን አኮሳተረ። ላብ ጨመረላት። ጄሪካኑ ባዶ እንደመሰለ ቀረ።

ችግሩ ክንዷ ላይ አልነበረም። ከማንሳቷ በፊት ባለችው ግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ነበር። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። 20 ኪሎ የሚያነሳ ሰው ዝም ብሎ እጁን አይሰድም። መጀመሪያ ወደ ጄሪካኑ ይጠጋል። እግሮቹን ከፈት ያደርጋል። ጉልበቱን ያጥፋል። ትንፋሹን ያዝ ያደርጋል። ጄሪካኑ ገና ከመሬት ሳይላቀቅ ባዶው እጅ ወደ ጎን መዘርጋት ይጀምራል፤ ወገቡም ከሸክሙ በተቃራኒ ያዘነብላል። የልጁ ገጸ ባሕርይ ይህን ሁሉ ዘለለችው። ቀጥ ብላ እንደቆመች እጇን ሰደደች፤ ጄሪካኑም ተከትሏት መጣ።

የአንድ ልጅ ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍበትም ነበር። ይኸው ችግር ግን አሁን በየስልካችን ገብቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራቸው ቪዲዮዎች ቲክቶክና ፌስቡክን ሞልተውታል። ፊቱ ፎቶ ይመስላል። የቆዳው ቀለም፣ የፀጉሩ ዘለላ፣ ከጀርባ ያለው ተራራ፣ ሁሉም ልክ ነው። ሰውየው ሲራመድ ግን እግሩ መሬት የያዘ አይመስልም። ሴትየዋ ቡና ስትቀዳ ጀበናው ክብደት የለውም።

ያም ሆኖ ብዙ ጀማሪዎች ተስፋ ቆርጠዋል። "ማሽኑ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሰው የሚያራምድ ከሆነ እኔ አካሄድ ሳጠና ዓመት የማጠፋው ለምንድነው?" ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን የሰውን እንቅስቃሴ ማጥናት ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልገው አሁን ነው ባይ ነኝ። በተለይ ለእኛ።

ዓይናችን የሚያውቀው

ከተመልካች ልጀምር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉናር ዮሃንሰን የሚባል የስዊድን ሳይኮሎጂስት ነበር፤ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሰው። በ1973 ያሳተመው ጥናት እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በሰዎች መገጣጠሚያ ላይ ትናንሽ መብራቶች አሰረ፤ ትከሻ ላይ፣ ክርን ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ። ከዚያ በጨለማ ውስጥ እየተንቀሳቀሱ ቀረጻቸው። ፊልሙ ላይ የሚታዩት አሥር አሥራ ሁለት ነጥቦች ብቻ ናቸው። ፊት የለም። ልብስ የለም። የአካል ቅርጽ የለም። ነጥቦቹ ሲቆሙ ምንም አይመስሉም። ሲንቀሳቀሱ ግን ተመልካቹ አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ "ሰው ነው፤ እየሄደ ነው" ይላል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ጄምስ ከቲንግ እና ሊን ኮዝሎቭስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ ይዘው አንድ እርምጃ ገፉ። የሚተዋወቁ ጓደኛሞችን በነጥብ ብቻ አሳዩአቸው። ሁልጊዜ ባይሆንም በግምት ከሚገኘው በላይ ጓደኛቸውን ለዩት። እኛ አገር ይህ እንግዳ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ፊቱ ሳይለይ "አረማመዱ የእገሌ ነው" እንላለን፤ ብዙ ጊዜም አንሳሳትም።

ለጄሪካኑ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ1981ዱ ጥናት ነው። ስቬርከር ሩኔሶን እና ጉኒላ ፍሪክሆልም፣ እነሱም ስዊድናውያን፣ ሰዎች ሣጥን ሲያነሱ በነጥብ ቀረጹ። ሣጥኑ አንዴ ይከብዳል፤ አንዴ ይቀላል። ተመልካቾቹ ነጥቦቹን ብቻ አይተው ክብደቱን በደንብ ገመቱ። በ1983 ደግሞ አንሺዎቹ እንዲያስመስሉ ተደረገ፤ ቀላሉን እንደ ከባድ፣ ከባዱን እንደ ቀላል። ተመልካቾቹ አልተታለሉም። እውነተኛውንም ክብደት፣ ሰውየው ሊያስመስል የፈለገውንም ክብደት ለዩ።

እስቲ ይህን ከአኒሜተር ወንበር ላይ ሆናችሁ አስቡት። ሰው በገዛ ሰውነቱ እንኳ ሊያታልላቸው ያልቻላቸውን ዓይኖች እኛ በሥዕል ልናሳምን ነው የምንሞክረው።

ይህ ችሎታ ደግሞ በትምህርት የመጣ አይመስልም። በ2008 ጣሊያን ውስጥ የሁለት ቀን ዕድሜ ያላቸው ጨቅላዎች ሁለት ዓይነት ነጥቦች ታዩአቸው። አንደኛው የምትራመድ ዶሮ ነጥቦች ነበሩ፤ ሁለተኛው ያለ ሥርዓት የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች። ሕፃናቱ ዶሮዋን ነው የመረጡት። ዶሮ አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው።

ታዲያ ዓይን የሚያየው ምንድነው? መልሱ ሰውነት ውስጥ ነው። በ1967 ሞስኮ ላይ ቪክቶር ጉርፊንከልና ባልደረቦቹ ቆሞ ያለ ሰው እጁን በፍጥነት እንዲያነሳ ጠየቁት። የጡንቻውን እንቅስቃሴ ለኩ። መጀመሪያ የሠራው የእጅ ጡንቻ አልነበረም። የእግር ጡንቻ ነበር። እጅ ሲነሳ የሰውነት ሚዛን ይዛባል፤ ስለዚህ ሰውነት ቀድሞ ይዘጋጃል። ሰውየው ይህን አያውቀውም። እጁን ያነሳ ብቻ ነው የሚመስለው።

ከልጁ ሥራ ላይ የጠፋው ይህ ነው። እንቅስቃሴው ነበረ፤ መንስኤው አልነበረም።

መራመድንም እንዲሁ እዩት። ሁላችንም ስለምንራመድ የምናውቀው ይመስለናል። አኒሜተር መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው፤ ጨርሼዋለሁ የሚል ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ሙሉ ዑደት የሚባለው አንዱ ተረከዝ መሬት ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ያው ተረከዝ ተመልሶ እስኪነካ ድረስ ያለው ነው። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉን ያ እግር መሬት ላይ ነው፤ 40 በመቶውን አየር ላይ። በመሆኑም በየዑደቱ ሁለት ጊዜ ሁለቱም እግሮች አብረው መሬት ይነካሉ። ሩጫ ላይ ይህ የለም። ሰውነት በየእርምጃው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ዳሌ ወደ አንድ በኩል ሲዞር ትከሻ በተቃራኒው ይዞራል። በፊልም አንድ ሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ምስል ነው፤ የተለመደ እርምጃ 12 ፍሬም ያህል ይወስዳል።

እነዚያን 12 ፍሬሞች አኒሜተሮች በአራት አቋም ይሠሯቸዋል። ተረከዝ ይነካል። ክብደት ይወርዳል፤ ጉልበት ይታጠፋል። ኋላ የነበረው እግር ያልፋል። አካል ከፍ ይላል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ይዘላል። ተረከዙ ይነካና ወዲያው እግሩ ያልፋል። ክብደቱ የሚያርፍበት ጊዜ አያገኝም። ያኔ ገጸ ባሕርዩ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ይንሳፈፋል። መራመድ ማለት እኮ ወደ ፊት መውደቅና በሌላኛው እግር መደገፍ ነው። ውድቀቱን ካላሳየን ድጋፉም አይታይም።

ይህ ገና አጠቃላይ ሰው ነው። የምንሠራው ግን አንድ የታወቀ ሰው ነው። ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለቱንም እጆቹን የሰቀለበትን ገበሬ አስቡት። እጆቹ መወዛወዝ አይችሉም። ስለዚህ ዱላው ራሱ ከደረቱ ጋር ግራና ቀኝ ይዞራል። ይህን ያላየ አኒሜተር ዱላውን እንደ ተሰቀለ እንጨት ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ዱላውም ሰውየውም ይደርቃሉ።

መቅዳት ብቻውን አልበቃም

አሁን "ታዲያ ለምን አንቀዳውም? ካሜራ አለ አይደል?" የሚል ይኖራል። የዚህ ሙያ ታሪክ ግማሹ ይኸው ጥያቄ ነው።

በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ላይ ካሜራዎችን በመስመር ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሳ። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ አንድ ላይ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት እንዳለ ታወቀ። ሠዓሊዎች ለዘመናት እንደሳሉት እግሮቹ ወደፊትና ወደኋላ ተዘርግተው ግን አልነበረም። ከሆዱ ሥር ተሰብስበው ነበር። በ1887 ማይብሪጅ 781 ሰሌዳዎች አሳተመ፤ የሚሄዱ፣ የሚዘሉ፣ ደረጃ የሚወርዱ፣ ዕቃ የሚሸከሙ ሰዎችና እንስሳት። ፈረንሳዊው ኤትየን ዡል ማሬ ደግሞ በ1882 ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠርቶ በሴኮንድ 12 ምስል ያነሳ ነበር። ኋላ ላይ ሰዎችን ጥቁር ልብስ አልብሶ በእጅና በእግራቸው ላይ ነጭ መስመር አደረገ። ካሜራው የሚያየው መስመሮቹን ብቻ ሆነ። የዛሬው ሞሽን ካፕቸር (የሰውን እንቅስቃሴ ቀርጾ ለገጸ ባሕርይ የማዋል ዘዴ) ያኔ ተወልዷል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ማክስ ፍሌይሸር በ1915 ለሮቶስኮፕ የፈጠራ መብት አመለከተ፤ በ1917 አገኘ። ሮቶስኮፕ ማለት የተቀረጸ ፊልም ከመስታወት ሥር ፍሬም በፍሬም እየታየ የሚገለበጥበት መሣሪያ ነው። ወንድሙን ዴቭን የሰርከስ ቀልደኛ ልብስ አልብሶ ቀረጸው፤ ከዚያ ላዩ ላይ ሳለበት። እንቅስቃሴው ያን ጊዜ ከነበረው ሁሉ የለሰለሰ ነበር።

እንግዲህ እንቅስቃሴን በትክክል መገልበጥ ከቻልን መቶ ዓመት አልፎናል። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። የዲዝኒ አኒሜተሮች በ1937 ለወጣው የመጀመሪያው ረጅም ፊልማቸው ማርጆሪ ቤልቸር የተባለች ወጣት ዳንሰኛን ቀርጸው ነበር። ፊልሙን እንዳለ ሲገለብጡት ግን ሕይወት አልነበረውም። ከመካከላቸው ሁለቱ፣ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን፣ በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን በደንብ ያስረዳሉ። የተቀረጸው ፊልም እንቅስቃሴውን ለመረዳት ጠቀማቸው፤ እንዳለ ሲከተሉት ግን ሥራው ይደርቃል። የትኛው እንቅስቃሴ ለትርጉሙ እንደሚያስፈልግ መርጠው፣ ያንን አጉልተው፣ ሌላውን ሲተዉት ነው ገጸ ባሕርዩ የተነፈሰው። ስቱዲዮው ከ1932 ጀምሮ ዶን ግራሃም የሚባል መምህር ቀጥሮ ለአኒሜተሮቹ የሥዕልና የእንቅስቃሴ ትምህርት ያስተምር ነበር። ሠራተኞቹ ቀን ሠርተው ማታ ይማራሉ። የመገልበጫ መሣሪያው እያለ ማለት ነው።

ለምን ይሆን መቅዳት ያልበቃው? እኔ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው፣ የተቀረጸው ሰው ሌላ ሰውነት አለው። የአንድ ረጅም ጎልማሳ አካሄድ አጭር እግር ላላት ገጸ ባሕርይ ሲሰጥ ክብደቱ አይገጥምም። እግሯ መሬት ላይ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ከባዱ ነው። የተቀረጸው ሰው ስቱዲዮ ውስጥ መሆኑን ያውቃል። ባዶ ሣጥን እያነሳ ከባድ ያስመስላል። ካሜራው ያንን ማስመሰል በታማኝነት ይቀዳል። የስዊድኖቹን ሙከራ አስታውሱ፤ ተመልካች ይህን ያያል።

ጃፓናዊው የሮቦት ሳይንቲስት ማሳሂሮ ሞሪ በ1970 የጻፈው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሰው ሠራሽ ነገር ሰው እየመሰለ ሲሄድ እንወደዋለን አለ። ሊመስል ትንሽ ሲቀረው ግን በድንገት ይቀፈናል። ጨበጥነው ብለን የቀዘቀዘ ሰው ሠራሽ እጅ ሲሆንብን እንደምንደነግጠው። ሞሪ የጨመረው ነገር አለ፤ እንቅስቃሴ ይህን ስሜት ያባብሰዋል። ዝም ብሎ የተቀመጠ አሻንጉሊት አያስፈራም፤ በተሳሳተ መንገድ ከተንቀሳቀሰ ያስፈራል።

በ2004 ሙሉ በሙሉ በሞሽን ካፕቸር የተሠራው ፖላር ኤክስፕረስ የተባለው ፊልም ሲወጣ ብዙ ተቺዎች ያነሱት ይህንኑ ነው። የገጸ ባሕርያቱ ዓይን የሞተ መሰላቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ተዋናዩ አንዲ ሰርኪስ በሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ፊልም የተጫወተው ጎለም የተባለው ፍጡር ሰውን ሁሉ አሳምኖ ነበር። የጎለም አካል የሰርኪስ እንቅስቃሴ ነበረበት። ፊቱን ግን አኒሜተሮች የሰርኪስን ትወና እያዩ በእጃቸው ነበር የሠሩት። ቀረጻው አንድ ነገር ሰጠ፤ የተረዳ ሰው ዓይን ሌላውን ሰጠ።

ማሽኑ ከማን ይማራል?

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ ልመለስ። ቪዲዮ የሚያመነጩ ሥርዓቶች አጥንት የላቸውም፤ መሬትም የላቸውም። ካዩት ብዙ ቪዲዮ ተነስተው ተከታታይ ምስሎች ምን መምሰል እንዳለባቸው ይገምታሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያዩትን ነገር ጥሩ ያደርጉታል፤ ለምሳሌ ወደ ካሜራ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው። ሰውነት ሲገለበጥና ሲጠማዘዝ ግን ይጠፋባቸዋል። በ2024 መጨረሻ ሶራ በተባለው ቪዲዮ አመንጪ የተሠራ የጂምናስቲክ ቪዲዮ በየቦታው ተዛምቶ ነበር። ስፖርተኛዋ ስትገለበጥ እጅና እግሯ ይቀያየራል፤ ተጨማሪ እግር ይበቅላል። ቴክኖሎጂው ከዚያ ወዲህም ተሻሽሏል፤ ገናም ይሻሻላል። ስለዚህ ክርክሬን በዛሬ ድክመቱ ላይ አልመሠርትም።

ክርክሬ የሚመሠረተው በምግቡ ላይ ነው። ለገጸ ባሕርይ አጽም (ኮምፒውተር ላይ ገጸ ባሕርዩን ለሚያንቀሳቅሰው የአጥንት መዋቅር) እንቅስቃሴ የሚያመነጩ ሥርዓቶች በተቀረጸ የሰው እንቅስቃሴ ነው የሚማሩት። በ2019 የወጣው አማስ የሚባለው ስብስብ ከታወቁት ውስጥ ነው። 15 የተለያዩ ስብስቦችን አንድ ላይ አድርጎ ከ300 በላይ ሰዎችንና ከ40 ሰዓት በላይ እንቅስቃሴን ይዟል። 40 ሰዓት የአንድ ሳምንት የሥራ ሰዓት ነው። የተቀረጸውም በአብዛኛው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።

እንቅስቃሴያቸው የሚቀረጽላቸው ተዋንያን ዋጋውን ቀድመው ገብቷቸዋል። በአሜሪካ የተዋንያን ማኅበሩ ሳግ አፍትራ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በቪዲዮ ጌም ኩባንያዎች ላይ ለ11 ወር ያህል ሥራ አቁሞ ነበር። ዋናው ጉዳይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር። ድምፅ ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴም የሰው ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ተወስዶ ማሽን አይመገበው ነው ያሉት። ስምምነቱ በ2025 ጸደቀ።

የእኛ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። የእኛ እንቅስቃሴ መቼ ተቀረጸ?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። እንግዳ ቤት ሲገባ የተቀመጠ ሰው "ኖር!" ይላል። "በእግዜር!" ይባላል። በዚህ መካከል የሚሆነው እንቅስቃሴ ሙሉ መነሳት አይደለም። ከመቀመጫ ብድግ ማለትና መመለስ ነው። ምን ያህል ከፍ እንደተባለ ሁሉን ይናገራል። ለትልቅ ሰው ይበልጥ ይነሳል። ለእኩያ ቂጥ ከወንበር ትንሽ ይለቃል። የከፋው ሰው ትከሻውን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ዳሌው አይነሳም። ይህን የማያውቅ አኒሜተር ገጸ ባሕርዩን ወይ ያስቀምጠዋል ወይ ያቆመዋል። በመካከል ያለው ታሪክ ሁሉ ይጠፋል።

ሌላም አለ። ስናዳምጥ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን "አዎ" የምንለው። የውጭ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ይደነግጣል፤ የታመምን ይመስለዋል። በአኒሜሽን ዓይን እዩት። ደረት በትንሹ ይነሳል። ቅንድብ ከፍ ይላል። አገጭ ወደ ላይ ይሄዳል። ሁሉም በሩብ ሴኮንድ ውስጥ። አንዲት እናት በአማርኛ ስታወራ ይህ ከሌለ፣ አፏ ከቃሉ ጋር ቢገጥምም፣ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመች ትመስላለች። ዕቃ ሲቀበሉ ቀኝ እጅን በግራ መደገፍ አለ። ሲጨባበጡ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት አለ። ወሬ መሃል ነጠላን አንስቶ መልሶ መጣል አለ፤ ይህ ብቻውን መቆጣትም፣ ማፈርም፣ መሄጃ መፈለግም ሊሆን ይችላል።

እስክስታ ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ ቴክኒክ ይገባል። በብዙ የተለመዱ የገጸ ባሕርይ አጽሞች ትከሻ የሚንቀሳቀሰው በአንድ መገጣጠሚያ ነው። ክንድ ሲነሳ አብሮ ከፍ እንዲል ነው የተሠራው። እስክስታ ግን ክንድ ሳይነሳ ነው የሚጀምረው። ከጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት በጎድን ላይ ይንሸራተታል፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ላይ። ደረት ይከተለዋል፤ አንገት ይለቃል። ትንፋሽ ምቱን ይይዛል። ይህ አጥንት ከቆዳ ሥር ስለሚንሸራተት ቆዳ ላይ የተለጠፈ ማርከር (ካሜራው የሚከተለው ምልክት) በትክክል ሊከተለው ይቸግረዋል። ስለዚህ እስክስታ የሚሠራ አኒሜተር ቀረጻም ቢያገኝ አጽሙን እንደገና መሥራት አለበት። በኢንተርኔት የማያቸው ሰው ሠራሽ እስክስታዎች ክንድ የሚያርገበግቡት ለዚህ ይመስለኛል። የጎጃሙን ከወሎው መለየትማ ጨርሶ አይታሰብም።

ሸክምንም እንዲሁ። በ1986 ኬንያ ውስጥ በተደረገ ታዋቂ ጥናት የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች የክብደታቸውን 20 በመቶ የሚያህል ሸክም ተሸክመው ሲሄዱ የሚያወጡት ኃይል ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ ከሚያወጡት እንደማይበልጥ ታየ። አካሄዳቸውን ለሸክሙ እንዲመች አድርገው ለምደውታል። ከእንጦጦ እንጨት ይዘው የሚወርዱት እናቶቻችንም የራሳቸው አካሄድ አላቸው፤ ሸክሙ ከጀርባ ነው፤ ወገብ ይጎብጣል፤ እርምጃው አጭርና ፈጣን ነው፤ ዓይን ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ወደፊት ያለውን መሬት ያያል። ቁልቁለቱ ላይ ክብደቱ ስለሚገፋቸው ጉልበታቸው መቼም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ይህን ከየትኛውም የተዘጋጀ የእንቅስቃሴ ስብስብ ፈልጌ አላገኘሁትም። ማሽኑ ያላየውን ሊያመጣ አይችልም። እኛም ካላየነው አንጠይቀውም፤ ሲሳሳትም አናርመውም።

ስልክ ይዞ መውጣት

ጥናቱ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የብዙዎቻችን ስልክ በሴኮንድ 60 ፍሬም ይቀርጻል። ለዚህ ሥራ ይበቃል። ግን ቪዲዮ ቀርጾ ማስቀመጥ ጥናት አይደለም። ፍሬም በፍሬም እያዩ መጀመሪያ ምን እንደተንቀሳቀሰ መፈለግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ይቀድማል፤ ጭንቅላት ይከተላል፤ ከዚያ ደረት። ክብደት ባለበት ሥራ ደግሞ ዳሌና እግር ይቀድማሉ፤ እጅ መጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉን በወረቀት ላይ በመስመር ብቻ በተሣለ ሰው ማስፈር እኔን ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ አስተምሮኛል።

ከዚያ ተነስቶ በራስ ሰውነት መሞከር። ይህን ብዙዎች ያፍሩበታል። ግን በር ዘግቶ 20 ኪሎ እውነተኛ ውሃ ማንሳት አንድ ወር ከማየት ይበልጣል። ባዶ ጄሪካን ይዞ ማስመሰል አይቆጠርም።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ሰው ሲቀረጽ ይጠየቅ። ቦኖ ላይ ወረፋ የያዘች ሴት የማንም ማጥኛ አይደለችም። ምን እንደምትሠሩ ንገሯት፤ እምቢ ካለች እምቢ ብላለች። ፊቷ አያስፈልገንም፤ ነጥቦች እንኳ በቅተውን የለ? በአገራችን የእንቅስቃሴ ስብስብ ቢጀመርም፣ በዩኒቨርሲቲም ይሁን በግል ስቱዲዮ፣ ፈቃድና ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን መግባት አለበት። አሜሪካኖቹ 11 ወር የተከራከሩበትን እኛ ከመነሻው ብናስተካክለው ይሻላል።

ወጣቱ አኒሜተር ሰፈሩ ያለው ቦኖ ሄዶ ነበር። አስፈቅዶ ሦስት ሰዎች ቀረጸ። ያመጣው ነገር እኔም ያልጠበቅሁት ነው። አንዷ ሴት ጄሪካኑን ከማንሳቷ በፊት እጀታውን ይዛ በትንሹ አዘነበለችው። መዝና ነው። ሌላዋ በጭኗ ገፋ አድርጋ አስነሳችው፤ ክንዷ ብዙም አልሠራም። ሦስቱም ካነሱ በኋላ ወዲያው አልሄዱም። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ሄደው ሚዛን ያዙ፤ ከዚያ ነው ጉዞ የጀመሩት።

ሥራውን ከመጀመሪያ ጀመረው። ላቡን አጠፋው። ክንዷን ወደ ቀድሞው መለሰው። ማንሻው ላይ ማዘንበሏን ጨመረ፤ ከ10 ፍሬም አይበልጥም። አሁን የቀረው ስታስቀምጠው ያለው ነው። ጄሪካኑ መሬት ከነካ በኋላ ውሃው ውስጡ ይናወጣል። እሷም እጀታውን ወዲያው አትለቅም፤ ውሃው እስኪረጋ ትይዘዋለች። ስንት ፍሬም እንደምትይዘው ገና እየቆጠረ ነው።